የበሩ ማንኪያ

የያዙኝ ከትምህርት ቤት ስወጣ ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ የታሰሩ ሁለት ባልደረቦቻችንን አንስቼ፣ ለምን ፍርድ ቤት አይቀርቡም ብዬ ነበር። ፖሊስ ጣቢያ የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ተቀበለኝ። ቀጥሎ ጥግ ላይ የተቀመጡ አሮጊት ታዩኝ።

«ጫማሽን እዚያው አውልቂ ልጄ፤ እዚህ እንሰግዳለን» አሉኝ። እንሰግዳለን ይበሉ እንጂ ብቻቸውን ነበሩ።

ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በኤረር በር ሲለምኑ የኖሩ ሙስሊም ናቸው። ለከተማው እንግዳ ይመጣል ተብሎ ለማኝ ሲታፈስ ነው የገቡት። እንግዶቹ መጥተው ሄዱ፤ እሳቸውን ያስታወሰ አልነበረም። ስንቅ የሚያመጣላቸው የለም። ጣቢያው ለሰው የሚሰጠው ጠዋት አንድ ደረቅ ዳቦ ነው።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር እህቴ ምስር ወይም ሽሮ ታመጣልኝ ነበር። ከአንድ ሳህን በላን። ሥጋ ቢሆን የክርስቲያን እርድ ነውና አይነኩትም።

«ይሄ ጾማችሁ ባያልቅ ለኔ ይሻለኝ ነበር» ብለው ይስቃሉ። ስቀው ሳይጨርሱ ሳል ይይዛቸዋል።

የስቅለት ዓርብና ቅዳሜ እህል ሳልቀምስ አከፈልኩ፤ ስንቅ አልመጣም፤ እሳቸውም በዳቦው ብቻ ዋሉ። የፋሲካ ዕለት እህቴ ሁለት ሳህን ይዛ መጣች፦ ዶሮ ለኔ፣ ምስር ለእሳቸው። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ አምጪውን ያስቀምሳል፤ ከዚያ የተደበቀ ነገር እንዳይኖር ወጡን በማንኪያ እስከ ታች ያማስላል። በፍርግርጉ እናየዋለን። ዶሮውን አማሰለ። ያንኑ ማንኪያ ሳይጠርግ ምስሩ ውስጥ ከተተው።

ሳህኑ ሲደርሰን የዶሮው ቅቤ ምስሩ ላይ ተንሳፍፏል። አሮጊቷ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

«ሀራም ሆነ። አንቺ ብዪ ልጄ፤ ስትጠብቂው የከረምሽው ነው።»

ፖሊሱን ጠራሁት። «ወንድሜ፣ ማንኪያውን ታጥበው ነበር እኮ።»

«ለለማኝ ደግሞ ማንኪያ ልለውጥ? የመጣልሽን ብዪ።»

ሁለቱንም ሳህን ከድኜ በፍርግርጉ መለስኩለት።

«ዶሮውንም?» አለ።

«ዶሮውንም።»

የሁለታችንን ዳቦ መሃላችን አስቀመጥኩ። አማተብኩ፤ እሳቸው ቢስሚላህ አሉ።

«ወላሂ ሞኝ ነሽ» አሉኝ እየቆረሱ። «በበዓልሽ።»

ከዚያ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ስፈታ ኤረር በር ሄጄ ጠየቅሁ፤ ያየ የለም። እኔና እህቴ የማኅበራችንን ሴቶች ለምነን፣ ለጽዋ የምናዋጣውን ወደ ድስት አዞርነው። በየእሑዱ ምስር፣ ፋሲካም ቢሆን ምስር፤ የጀጎል ችግረኛ ሁሉ ከአንድ ድስት እንዲበላ። ሌላ ደንብ አልነበረንም።

አሁን የምኖረው ካምፓላ ነው። የድስቱ አገልግሎት አድጎ አዳራሽ ሠርቷል። ዘንድሮ ለፋሲካ በሬ አርደው ፎቶ ላኩልኝ። ከአጥሩ ውጭ ሂጃብ ያደረጉ ሴቶች ባዶ ሳህን ይዘው ቆመዋል። ለሰብሳቢዋ ደወልኩ።

«ለእነሱ ሌላ ቀን አለላቸው እኮ፣ እታለም» አለችኝ። «በበዓል ምስር ብናቀርብ ሰው ምን ይለናል?»

ማታ ስጸልይ አሮጊቷን አነሳለሁ። ስማቸውን ስላልጠየቅኋቸው «የኤረር በሯ» እላለሁ፤ እግዚአብሔር ያውቃቸዋል።

ለአዳራሹ ምረቃ መጽሔት አጀማመራችንን ጻፊልን ብላችሁኝ ነበር። ይኸው ነው። ሌላውን እንደወደዳችሁ አሳጥሩት፤ የማንኪያውን ነገር ግን እንዳትቆርጡብኝ።