አባቴ ቅቤ የተከለከሉበት ክረምት

ያ ክረምት ሲታወሰኝ ሁሉም ነገር በጉም ውስጥ ሆኖ ይታየኛል። ከጉና ተራራ በኩል የሚወርደው ጉም መንደራችንን ጋፋትን ሸፍኖ ይውላል። ላሞቹ ከበረት ወጥተው ጥቂት እንደተራመዱ ይጠፋሉ፤ ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። እኔ ደብረ ታቦር ከተማ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ሲዘጋ ግን ወላጆቼ ዘንድ ጋፋት እሄዳለሁ፤ ጠዋት ጠዋትም እንቅልፍ ሙሉ በሙሉ ሳይለቀኝ እናቴ ቅሉን ስትንጥ እሰማለሁ። መጀመሪያ የውሃ ድምፅ ይመስላል፤ እየቆየ ይከብዳል። ቅቤው ሲወጣ ደግሞ አንድ ለስላሳ ነገር ቅሉ ውስጥ እየተንከባለለ ግድግዳውን የሚነካ ይመስላል። የሕልሜን መጨረሻና የቅሉን ድምፅ መለየት ያቅተኝ ነበር።

እናቴ ቅሏን የምታጥነው በወይራ ጭስ ነው። ቅቤውን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ አጥባ ስታወጣው መልኩ ፈካ ያለ ቢጫ ነው፤ ሣር ሣር ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ የወይራው ጭስ በስሱ ይሸታል። አባቴ የፍስክ ቁርሳቸውን ያለ እሱ አያውቁም። ትኩስ የገብስ ቂጣ ይቆርሱና ለጋውን ቅቤ ይለቀልቁበታል። ቀልጦ ጣታቸው ላይ ሲወርድ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ።

ሰኔ ሊያልቅ አካባቢ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠራቸውና መንገድ ዳር ቁጭ አሉ። በማግስቱ ከተማ ወስጄ አስመረመርኳቸው። ሐኪሙ ከሌላ አገር የመጣ፣ አነጋገሩ የረጋ ወጣት ነበር።

“አባባ፣ ቅቤ በየቀኑ ይበላሉ?” አላቸው።

“በጾም አልበላም” አሉ አባቴ።

“ከጾም ውጪስ?”

“ታዲያ ምን ልብላ ልጄ?”

ሐኪሙ ፈገግ አለ። ደማቸው ውስጥ ስብ መብዛቱን፣ ግፊታቸውም ከፍ ማለቱን ነገራቸው። ቅቤ ሲቀዘቅዝ እንደሚረጋ፣ ከእህልና ከፍሬ የሚወጣው ዘይት ግን ሳይረጋ እንደሚቀር ጠቅሶ፣ ለልባቸው ሁለተኛው እንደሚሻል አስረዳቸው። ቅቤውን እንዲተዉ፣ ያዘዘላቸውን መድኃኒት እንዲወስዱና በየቀኑ በእግራቸው እንዲንሸራሸሩም አሳሰባቸው። አባቴ እስከ መጨረሻው አዳምጠው “እሺ” አሉ።

ነገሩ የከበደው እናቴን ነው። ስነግራት እጇ ላይ የነበረውን የቅቤ ድቡልቡል ቀስ ብላ ውሃው ውስጥ መለሰችው።

“ስለዚህ እስከ ዛሬ ያበላኋቸው በሽታ ነው በለኛ” አለች።

“እንዲህ አላለም፣ እማ።”

“ታዲያ ምን አለ?”



በዚያው ዓመት ታላቅ እህቴ ከዐረብ አገር ተመልሳ ነበር። እታለም ነው የምላት። ብዙ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ስትመጣ ዝምተኛ ሆና ነበር የመጣችው። ፀጉሯን በሻሽ ሸፍና ትውላለች፤ ቀን ቀን ትተኛለች፤ ስትነቃም ዓይኗ ገና ከሩቅ ቦታ እየመጣ ያለ ይመስላል። የሐኪሙን ነገር ስትሰማ ግን ሳትጠራ ተነሥታ ከተማ ወረደች። የተመለሰችው ከቆላ የመጣ ኦቾሎኒ ተሸክማ ነው። የተጨማደደውንና የሻገተውን አንድ በአንድ ለቅማ ጣለች። ቀሪውን በስሱ ቆላችው፤ በእጇ አሽታ፣ ቆዳውን በሰፌድ አበጥራ፣ በሙቀጫ ወቀጠችው። ውጤቱ ሻከር ያለ ቡናማ ሊጥ ነበር።

“የኦቾሎኒ ቅቤ ይባላል” አለች።

“ቅቤ የሚወጣው ከላም ነው” አለች እናቴ፣ ዞር ሳትል።

አባቴ በቂጣ አድርገው ቀመሱት። ረጅም ጊዜ አኘኩ።

“ሽታው መልካም ነው፤ ቆሎ ቆሎ ይላል። ግን ላንቃ ላይ ይጣበቃል። የላሙ ገና ሳታውቂው ይሄዳል፤ ይሄ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል።” ከዚያ እህቴን ቀና ብለው አዩና “ከለገሙ ወስፌም ቅቤ አይወጋ ይባላል። ለግሜ እንዳይሆን፣ እስቲ ድገሚኝ” አሉ።

እኔም ሁለቱን እያፈራረቅሁ በላሁ። የላሙ ቅቤ ምላስ ላይ ሲቀልጥ አፍ ውስጥ ሜዳ ይከፈታል፤ እርጥብ ሣር፣ ጭስ፣ ትንሽም ኮምጠጥ ያለ ነገር። የኦቾሎኒው የሚጀምረው ከአፈርና ከእሳት ነው፤ ጣፋጭነቱ ዘግይቶ ይመጣል። እሱን የበላሁ ቀን እስከ ከሰዓት ድረስ ምግብ አያምረኝም። የላሙን የበላሁ ቀን ግን ሆዴ ቢጠግብም ምላሴ መልሶ ይለምነኛል።

ፍልሰታ ገባ። አባቴ እንደ ሁልጊዜው እስከ ቅዳሴ መውጫ ይጾማሉ፤ ሲገድፉም ከኦቾሎኒው ቢቀምሱ ብርታት ይሆናቸዋል ብላ እታለም አሰበች። እናቴ ግን ስሙ አላማራትም። ጾም ላይ ቅቤ የሚባል ነገር በቤቷ እንዲቀርብ አልፈለገችም። የነፍስ አባታችን ለጠበል ሲመጡ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው አሽትተው “ስሙ እንጂ ግብሩ ቅቤ አይደለም። ይብሉ” አሏት። እናቴ መስቀል ተሳለመች፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

የተፈታው በዚያው ሰሞን ዝናብ በጣለበት አንድ ከሰዓት ነው። ጉሙ በር ላይ ቆሟል፤ አባቴ ተኝተዋል። እታለም ሙቀጫው አጠገብ ተቀምጣለች። እናቴ ድንገት ጠየቀቻት።

“ይሄን የት ለመድሽው?”

እህቴ እጇን አቆመች።

“እዚያ የማገለግላት እመቤቴ ለልጆቿ ዳቦ ላይ ትቀባላቸዋለች። ጠዋት እነሱን ትምህርት ቤት ሸኝቼ ስመለስ የተረፈውን ወጥ ቤት ቆሜ እበላለሁ። መጀመሪያ ቀን ሳየው ያንቺ ቅቤ መስሎኝ አሸተትኩት። አልነበረም። ያን ቀን አለቀስኩ። በኋላ ግን ተላመድን። ቀኑን ሙሉ የሚያቆመኝ እሱ ነበር።”

“የእኔስ?”

“ያንቺን በሕልሜ አሸትተው ነበር፣ እማ። ስነቃ ትራሴን አሸትታለሁ።”

ልጇ በዚያ ሁሉ ዓመት ምን እንደምትበላ ጠይቃት እንደማታውቅ በእናቴ ፊት ላይ አየሁት። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ወፍጮው ሥር ተንበረከከች።

“አምጪው። ሙቀጫ አያልመውም፤ መጅ ይፈልጋል።”

ጨው ጣል አድርጋ ፈጨችው። አንዴ፣ መልሳ፣ ደግማ ፈጨችው። ድንጋዩ እየሞቀ ሲሄድ ኦቾሎኒው ዘይቱን ለቀቀ፤ እንደ ወለላ እየተዝለገለገ ከወፍጮው ጫፍ ወረደ። በሌባ ጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰች።

“አይከፋም” አለች። እህቴ ከመጣች ጀምሮ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ጳጉሜን ላይ አባቴን መልሼ ሐኪሙ ጋ ወሰድኳቸው። ደማቸው ተሻሽሎ ነበር፤ ግፊታቸውም ረገብ ብሏል። ሐኪሙ የመድኃኒቱም፣ የእግር ጉዞውም፣ የምግቡም ድርሻ እንዳለበት ነገረን። ከዚያ ስለ ኦቾሎኒው ሲሰማ “እሱም ቅባት ነው፤ በማንኪያ እንጂ በጭልፋ እንዳይሆን” ብሎ አስጠነቀቀ። ለበዓል ለበዓል ጥቂት ቅቤ ወጥ ላይ ጠብ ቢደረግ እንደማይከለክል ሲናገር አባቴ ምርቃቱን አዘነቡለት።

መስከረም ጠባ። ጉሙ ተነሣ፤ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆነ፤ ከብቶቹም ጠገቡ። በዚያ ወር የሚወጣውን ቅቤ የሚያክል የለም። እናቴ አንድ ቀን ከሰዓት ለጋውን በቅጠል ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። አባቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል።

“በአፍዎ ቢከለክሉዎት በአናትዎ የከለከለ የለም” አለቻቸው።

አባቴ ቆባቸውን አወለቁ። እናቴ ቅቤውን መሐል አናታቸው ላይ አኖረችው፤ ፀሐዩ ቀስ እያለ ያቀልጠው ጀመር። አሽታ ስትጨርስ ወደ በሩ ዞራ እህቴን ጠራቻት።

“አንቺም ነይ።”

እታለም በሩ ላይ ትንሽ ቆማ ቆየች። ከዚያ መጥታ እናቴ ጉልበት ሥር ተቀመጠችና ሻሹን ፈታችው። ፀጉሯ ሳስቶ፣ ጫፉ ተሰባብሮ ነበር። እናቴ አየችው። በጣቶቿ ከፈል ከፈል እያደረገች ሥር ሥሩን ቀባችው።

ዛሬ እታለም ከተማ ቤት ተከራይታ የኦቾሎኒ ቅቤ ትሠራለች፤ ከሌላ አገር የመጡ የሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ ለልጆቻቸው ከእሷ ይወስዳሉ። ስለዚያ ክረምት ሳስብ ግን በዓይኔ የሚመጣው ያ ከሰዓት ነው። ቅቤው በአባቴ ግንባር በቀጭኑ ሲወርድ፣ እህቴ ራሷን እናቴ ጭን ላይ ጥላ እንቅልፍ ሲወስዳት። ላሞቹን ላስገባ ስነሣ እናቴ እጇን አንሥታ አቆመችኝ።

“ቆይ፣ በቀስታ ሂድ” አለችኝ። “ሁለቱም ተኝተዋል።”