ሊቀመንበር ያጣው የመሀል ፓርቲ

ባለቤቴና ጓደኞቹ ክርስቲያናዊ የመሀል ፓርቲ እንመሠርታለን ብለው ክረምቱን ሙሉ ሲሰበሰቡ ከረሙ። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ካቶሊኩም አለበት። ግራም ቀኝም ሳይል አገር ቤት ያሉትን ሁሉ የሚያስታርቅ ፓርቲ ነው ይሉኛል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ መጀመሪያ ስብሰባውን ማን በጸሎት ይክፈት በሚለው ተስማሙ እላቸዋለሁ።

ባለቤቴ ሊቀመንበርነቱን ፈልጎታል። ሲፈልገው ደግሞ ለጉድ ነው! ዕድሜውን ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ሲያቆም የኖረ ሰው፣ አንዴ እንኳ ሰው ፊት ቆሞ መናገር አማረው። አንጀቴን በላው።

የምሥረታው እሑድ ከምንኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ተነስተን ሲልቨር ስፕሪንግ የተከራዩት አዳራሽ ሄድን። ስብሰባውን እንድትመራ የመረጡት ልጃችንን ነው። እዚሁ ፈረንጅ አገር ያደገች፣ ክሪስታል ሲቲ ቢሮዋ ሚቲንግ ስትመራ የምትውል ልጅ ናት፤ ለማንም አታዳላም አሉ። ጉዱም የመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የተጠቆመው ባለቤቴ ነበር። ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ አቀረቀረና ከእኔ የሚሻል አለ፣ እኔ ለዚህ አልበቃም አለ። ያው ወጉ ነው። መጀመሪያ እምቢ ይባላል፣ ሰው በእግዜር እያለ ይለምናል፣ ከዚያ እንግዲህ ካላችሁ ተብሎ ይገባበታል። ልጄ ግን ኖት አደረገችና፣ "ኦኬ፣ ዲክላይን አድርገዋል። ቀጣይ?" አለች። ለልመና የተከፈተው አፍ ሁሉ እንደተከፈተ ቀረ።

ቀጥሎ የተጠቆሙት ጡረተኛ መምህር አርጅቻለሁ አሉ። አመስግና አለፈቻቸው። ከጴንጤዎቹ የተጠቆመውም፣ ትልልቆቹ እምቢ ብለው እሱ እንዴት እሺ ይበል? ጌታ ሌላ ሰው አዘጋጅቷል አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ እምቢ ያላለ ሰው ጠፋ። ሁሉም አልለመናችሁኝም ብሎ ተቀያይሞ ተበተነ፣ ፓርቲውም በዚያው ቀረ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የእኔ ባል ሳይሾም ተቆጨ። ስንመለስ ልጃችን ትነዳለች፣ እሱ አጠገቧ ሆኖ በመስኮት ያያል። አላስችለኝ ቢል፣ አባትሽ እኮ ፈልጎ ነበር አልኳት። ደነገጠች። ታዲያ ለምን ኖ አለ? ብላ ጠየቀችኝ። እንዲለመን ነዋ አልኳት።

ትንሽ ነዳችና፣ "ዳዲ፣ ሊቀመንበር ትሆናለህ?" አለችው።

"ተዪኝ ልጄ፣ እኔ አልበቃም።"

"ፕሊስ ዳዲ።"

"ከእኔ የሚሻል አለ" አለ፤ ድምፁ ግን ለስለስ ብሏል።

"በሞቴ ዳዲ።"

ባለቤቴ ኮቱን ቆለፈ። "እንግዲህ ካላችሁ" አለና ንግግሩን ጀመረ። ቤት ደርሰን መኪናው ከቆመም በኋላ አልጨረሰም፤ አንዳችንም በር አልከፈትንም።