ለሁለት ሃይማኖት አንድ ወጥ ቤት

ይርጋለም ገብረ መድኅን ቂም ስትይዝ ፊቷ አይጠቁርም፤ ይልቁንም ይፈካል። ጎባ ውስጥ ይህን ያላወቀ ደምሴ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ እነሱው ቤት ያደገ ሰው ነውና ከማንም በፊት ማወቅ ነበረበት።

አባቷ ከገበያው ፊት ለፊት ባሠሩት ባለ አንድ ፎቅ ንግድ ቤት ታች ጨርቅና ጨው ይሸጣል፣ ላይ እህል ይከማቻል። ደምሴ እዚያ ጨርቅ እየለካ፣ ከቤተሰቡ ጋር እየበላ ኖረ። አብዮቱ ሲመጣ ቀበሌ ገባና አባቷን እህል ደብቀዋል ብሎ አሳሰራቸው። እስር ቤት ሳሉ ተስቦ ገደላቸው። ሕንጻው ተወረሰ፤ ለይርጋለም በጓሮ በኩል አንዲት ክፍል ተተወችላት። ደምሴም ሊቀመንበር ሆነ።

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሕንጻው ሆቴል እንዲሆን ተወሰነ። የእህሉ ማከማቻ በኮምፔርሳቶ ጣውላ ተከፋፍሎ መኝታ ክፍል ሊሆን፤ ታች ደግሞ ቡና ቤት፣ ልብስ ስፌትና ፀጉር ቤት ሊገባ። ወጥ ቤቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ለክርስቲያን፣ አንዱ ለእስላም። አንዱ ያረደውን ሌላው እንደማይበላ ባሌ ውስጥ ምግብ ቤት የከፈተ ሁሉ ያውቃል።

"ሁለተኛው ወጥ ቤት ያንቺ ክፍል ነው፤ ቶሎ ልቀቂ" አላት ደምሴ በሯ ላይ ቆሞ።

"እሺ ጓድ ሊቀመንበር" አለች፤ ፊቷ ፈክቶ።

በቀጣዩ ስብሰባ ከክፍለ ሀገር የመጡ አንድ ትልቅ ጓድ ተገኝተው ነበር። ይርጋለም እጇን አወጣች። "ጓዶች፣ ሕዝቡን በድስት መለያየት የአድኃሪያን ሥራ አይደለም ወይ? ለአብዮታዊ ሆቴል አንድ ወጥ ቤት አይበቃም?"

የማይሆን ነገር መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግን አድኃሪ ለመባል ማን ይነሳል? ትልቁ ጓድ አጨበጨቡ። ይህን ያየው ደምሴ ብድግ ብሎ፣ "ድሮም የእኔ ሐሳብ ነበር ጓድ!" አለ። ከዚህ የበለጠ ይርጋለም ምን ትፈልግ!

ሲወጡ ጎረቤቷ ጁሀራ ክንዷን ያዘቻት። "ያ ረቢ! ማን ሊበላላቸው ነው?"

"ደምሴ ይብላው።"

ለምረቃው የፍስክ ቀን ተመርጦ ሰንጋ ታረደ። ከሮቤና ከአጋርፋ ሳይቀር ሽማግሌዎች መጡ። ሥጋው ሲቀርብ ኦቦ ኡመር ትሪውን አይተው፣ "ማን ያረደው ነው?" አሉ። በወዲያ ማዶ ክርስቲያኖቹ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ደምሴን ላብ አጠመቀው። እስላም ቢል እነዚያ ሊነሱ፣ ክርስቲያን ቢል እነዚህ።

"ሰፊው ሕዝብ ነው ያረደው!" አለ።

ሁለቱም ወገን እጁን ሰበሰበ። ሻይ በዳቦ ቀምሰው ተነሡ። ይርጋለም ሙሉውን ትሪ ወስዳ ደምሴ ፊት አስቀመጠችለት። "ይብሉ እንጂ ጓድ፤ የእርስዎ ሐሳብ አይደል?"

ለምረቃው የመጡት ትልቁ ጓድ ሕዝብን ከአብዮቱ ለማጣላት የተሠራ ሻጥር ነው አሉ፤ ደምሴንም እዚያው አሳሰሩት። በማግሥቱ ሚስቱ የስንቅ ሳህን ይዛ ወደ እስር ቤት ስትወርድ ይርጋለም በር ላይ ቆማ አየቻት። አሳዘነቻት እንዳልል አላሳዘነቻትም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

አዲሱ ሊቀመንበር ዘሪሁን ጨዋ ሰው ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ በሯ ላይ ቆመ። "እት ይርጋለም፣ ሁለተኛ ወጥ ቤት የግድ ሆነብን። ከዚህች ክፍል ሌላ ቦታ የለንም፤ ይቅር በዪን።"

ጁሀራ ዕቃ ልታግዛት መጥታ ዕንባዋ መጣ። "ይህን ሁሉ ያደረግሽው ለዚህች ክፍል አልነበር?"

"ለክፍሏማ ቢሆን፣ ደምሴ እግር ላይ ወድቄ እለምነው ነበር" አለች ይርጋለም፤ ፍራሿንም ተሸክማ ወጣች።