ገበታ የማይፈልግ በርገር

እንቁ ጎረቤቴ ናት፤ እንጅባራ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ቀን ትሰፋለች፣ ማታ ራቷን በልታ ትተኛለች። አለቀ። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ድንገት ተነሥታ በርገር ካልሠራሁ ስትል ምን ይባላል?

ባሕር ዳር ለዘመድ ሠርግ ሄዳ አንዴ በልታለች። አንዴ! ከዚያ ወዲህ ከጓዳዋ አልወጣችም። ጾም ስለሆነ ሥጋ አይነካም፤ ባቄላ ቀቅላ፣ ደቁሳ፣ በሽንኩርት ለውሳ ትጠብሳለች። ዳቦውን ትናንሽ ክብ አድርጋ በብረት ድስት፣ ከላይም ከታችም ከሰል አድርጋበት ትጋግራለች። ቀማሿ ማን ነው? እኔ ነኛ! አንድ ቀን ጎመን ደርባበት መጣች፤ ደኅና ነው። ሌላ ቀን የተጠበሰ ድንች፤ እሱማ እሰየው ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ተልባ። ተልባው ሲያንሸራትተው ባቄላው በወዲያ በኩል ወጥቶ ቀሚሴ ላይ ዐረፈ።

"አንቺ ሴት፣ ጤና የለሽም?" አልኳት።

"በእጅ ተይዞ ሳይፈርስ የሚበላ መሆን አለበት" አለችኝ።

"ለምን?"

"ቆይ፣ ታውቂያለሽ።"

ቆይ ቆይ እያለች በጉጉት ልትገድለኝ! ጾሙ ሊፈታ ሲል አላስችል አለኝና "ካልነገርሽኝ ከእንግዲህ አልቀምስም" አልኳት። ያኔ መርፌዋን አስቀመጠች።

"አዝመራውና ፀጋው እኮ ምለዋል" አለች።

መሐላውንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቿ ናቸው፤ እናታቸው ስትሞት እሷ ናት ከአንድ ትሪ እያጎረሰች ያሳደገቻቸው። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የአባታቸውን መሬት ተካፍለው ለከሰል የሚሆን ዛፍ ተክለዋል። ካቻምና ፀጋው ድንበር አልፎ ቆረጠ ተባለና ተጣሉ። አዝመራው "ከእሱ ጋር ከአንድ ገበታ ብቀርብ ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ" አለ፤ ፀጋውም እልኸኛ ነው፣ ያንኑ ደገመው። የዛፉ ጉዳይ በሽማግሌ አለቀ፤ መሐላው ግን እንዳለ ቀረ። አምና ለፋሲካ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ማታ መጥተው በሉ። እሷ በመካከሉ ብቻዋን ቁጭ ብላ ዋለች።

"የማሉት ከአንድ ገበታ ላለመብላት ነው" አለችኝ። "ይሄ ገበታ አይፈልግም፤ ሁሉም የራሱን ይይዛል። አንድ ቤት ተቀምጠው ሲበሉ ልይ እንጂ ሌላ አልፈልግም። ዘንድሮም ካልሆነ እኔ ፋሲካ የለኝም።"

ድምጿ ሲቆራረጥ አንጀቴን በላችው። ስለ ተልባው የተናገርኩት ሁሉ ጸጸተኝ።

ፋሲካ ዕለት ሁለቱም መጡ። አንዱ በር አጠገብ፣ አንዱ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ይተያዩ ይሆን? ኧረ የት! እንቁ የበግ ሥጋ አድቅቃ ከትፋ የጠበሰችውን በዳቦ አድርጋ፣ በሶፍት ጠቅልላ አመጣች። ለአዝመራው አይብና ቃሪያ፣ ለፀጋው የተጠበሰ ድንችና ስናፍጭ ደርባበታለች። ለእኔም ደርሶኛል፤ ግን ማን ይበላል፣ ዓይኔ እነሱ ላይ ነው።

"እታለም፣ ይሄ በየት በኩል ነው የሚጀመረው?" አለ አዝመራው እያገላበጠ።

"በፈለግኸው። አይነክስህም!"

ፀጋው በትልቁ ገመጠ። ስናፍጩ አፍንጫው ድረስ ወጣና ዓይኑ እንባ ሞላ። አላስቀመጠውም፤ እንባው እየወረደ ደግሞ ገመጠ። አዝመራው ማኘኩን ተወ። ሲያየው ቆየና "ምን አድርጋበት ነው?" አለ። ማንን እንደጠየቀ ራሱም ያወቀው አልመሰለኝም።

ፀጋው አፉ ሞልቷል፣ መናገር አልቻለም። ተነሥቶ የገመጠውን በርገር ወደ ወንድሙ አፍ ዘረጋ። አዝመራው የተዘረጋውን እጅ አየ፣ ዳቦውን አየ፤ ከዚያ ወንድሙ ከገመጠበት ላይ ገመጠ። እሱንም ስናፍጩ ያዘው! ሁለቱም እንባቸውን እየጠረጉ ቆዩ። ፀጋው ወደ ቦታው ሊመለስ ዞረ።

"ፀጋው!" አለች እንቁ። እንደዚያ ስትቆጣ ሰምቻት አላውቅም። "አንዴ ብቻ? እኔ አንዴ አጉርሼ የተውኩት ልጅ አለ?"

ያን የሚያህል ሰውዬ እንደ ሕፃን አንገቱን ደፋ። ተመልሶ ሲደግመው፣ አዝመራውም የራሱን አንሥቶ "እንካ፣ የእኔ አይብ አለው" አለው።

እንቁ ጓዳ ገባች። የተረፈውን ድንችና ሥጋ በአንድ ትሪ አምጥታ መካከላቸው አስቀመጠችው። አሮጌው ትሪ ነው፣ ያደጉበት።

አዝመራው ትሪውን ትክ ብሎ አየው። "እታለም፣ ይሄ ገበታ ነው እኮ" አላት።

"ነው" አለች። "ለመሐላው ነገ ነፍስ አባታችን ጋ አብረን እንሄዳለን።"

አዝመራው ወንበሩን አስጠጋ።