የጥጡ ተራራና የሚፈተለከው ወንበር

ባለፈው ሳምንት ሸሕዲ መናኸሪያ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ የጎንደር አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ አንድ ነጭ ተራራ ያሳይ ነበር፤ በወፍራም ሽቦ ላይ የተንጠለጠሉ ወንበሮች ሰው እያሳፈሩ ሽቅብ ይፈተለካሉ፣ የወጣው ሁሉ ደግሞ እግሩ ላይ ጣውላ አስሮ ቁልቁል ይንሸራተታል። አጠገቤ የነበሩት የሰሊጥ አጫጆች፣ ለመውረድ ከሆነ ለምን ይወጣሉ እያሉ ሲሳሳቁ እኔ ሻዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ። ያን ወንበር አውቀዋለሁ።

በደርግ ዘመን መተማ ዮሐንስ የምንኖረው ሦስት ሆነን ነበር፤ አባቴ፣ ታላቅ ወንድሜ አዱኛና እኔ። እናቴን አላስታውሳትም። አዱኛ ለብሔራዊ ውትድርና መመልመሉን የሰማ ዕለት ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ መስሎ ወደ ሱዳኗ ገላባት ተሻገረ፤ ቤታችንም ሁለት ሰው እያለበት ወና መሰለ። ወትሮም ቁጥብ የነበሩት አባቴ ጭራሽ ከእኔ ይልቅ ከአህያችን ጋር ማውራት አበዙ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ የገላባት ነጋዴ ከጀላቢያው ኪስ ደብዳቤና ፎቶግራፍ አውጥቶ ሰጠን። ፎቶው ላይ አዱኛ እንደ ፍራሽ የወፈረ ካፖርት ለብሶ ቆሟል፤ ከኋላው ነጩ ተራራና ወንበሮቹ ይታያሉ። አባቴ በዚያ ሐሩር ጥጥ ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸውና ሌላ ነጭ ነገር አልታሰባቸውም። ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው፣ ይህን ያህል ጥጥ በዓይናቸው አይተው እንደማያውቁ፣ ለቃሚውም በወንበር የሚመላለስ ከሆነ ወገቡ እንደሚተርፍለት እየተናገሩ ሳቁ። የመልቀሚያ ከረጢቱ አለመታየቱ ብቻ ከነከናቸው። አዱኛ ከሄደ ወዲህ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

አባቴ መሠረተ ትምህርት ገብተው ገና ፊደል ሳይቆጥሩ የለቀማ ወቅት ደርሶ ያቋረጡ ስለሆኑ ደብዳቤውን የማነበው እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ በልቤ አነበብኩት። አዱኛ ከሱዳን አልፎ የገባበት አገር በረዶ ነው። ሥራው ሰው ወንበሩ ላይ ማሳፈር ነው፤ ወንበሩ እሱ ዘንድ ሲደርስ ቀስ ይላል፣ ሰው ሲቀመጥበት ይፈተለክና ከዓይን ይሰወራል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያሳፍር ውሎ በስሙ የሚጠራው አንድ ሰው የለም። መጨረሻው ላይ «ከእንግዲህ አልመለስም፤ ለአባየ እንዴት እንደምትነግሪያቸው አንቺ ታውቂያለሽ» ይላል።

ቀና ስል አባቴ አሁንም ፈገግ እንዳሉ ናቸው።

«ለቀማው መቼ ያልቃል ይላል?» አሉኝ።

«በጥር» አልኳቸው።

ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ደግ የሠራሁ መስሎኛል። ከዚያ ወዲህ ጥር በገባ ቁጥር አባቴ የታጠበ ሸሚዛቸውን ለብሰው በድንበሩ መንገድ ዳር፣ ወታደሮቹ እስከሚፈቅዱት ድረስ ሄደው፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ይቀመጣሉ። ሲመለሱ አንድም ቀን አማርረው አያውቁም።

«ዘንድሮ ጥጡ ሰፊ ነው መሰል» ይሉኛል።

እኔም ሰፊ ነው እላለሁ። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ደርግ ወደቀ፣ እኔም ለሰው ተዳርኩ፣ አባቴም አንድ ቀን ልጃቸውን እንደጠበቁ አረፉ። አዱኛ እንደማይመጣ በዚያ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሳቸው ሸሚዛቸውን ሲያጥቡ እያየሁ፣ ተደብቄ አለቅስ ነበር። ያኔ በረዶ ነው፣ አይመለስም ብያቸው ቢሆን ኖሮ ሁለት ሆነን እናለቅስ ነበር።