ጥርስ ማብቀያው መስቀል

አባቴ ቄስ ናቸው። የእጅ መስቀላቸው የወይራ ነው፤ ወደ ብልባላ ገበያ ሲወርዱ መንገደኛው አህያውን አቁሞ ይሳለመዋል። እኛ ቤት ግን ሌላም ሥራ ነበረው። ጥርስ ሊያበቅል የሚነጫነጭ ሕፃን ካለ አባቴ አቅፈውት የመስቀሉን እጀታ ያስነክሱታል። ወንድሜም እኔም ያደግነው እንዲያ ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ የልጄ ተራ ደረሰና እጀታውን በለሃጭ ያርሰው ጀመር።

ልጄን ለክትባት ጤና ጣቢያ ስወስደው አባቴ ካልሄድኩ ብለው ተከተሉኝ። ነርሷ እናቶችን ሰብስባ ስለ ሕፃናት አፍ ታስተምራለች። ሌላ ሰው አፉን ያሳረፈበትን ነገር አታስነክሱ፣ አኝካችሁም አታጉርሱ አለች። ጥርስ ሲወጣ ድድ ስለሚቆስል የአፍ ተህዋስ በዚያ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። በጉልምስና ለሚመጣ የደም ሥር መጥበብም መነሻው እዚያ ይሆን እንደሆነ የሚመረምሩ ሐኪሞች አሉ፣ ገና አልተረጋገጠም አለች።

አባቴ ከኋላ ብድግ አሉ። መስቀሉን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ።

«ልጄ፣ ይኸስ? አገር ምድሩ ይሳለመዋል። የኛ ቤት ልጆች ደግሞ ጥርስ የሚያበቅሉት በሱ ነው።»

እናቶቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። መምህርት ነኝ፤ ልጆቻቸውን ስለ ንጽሕና የማስተምር፣ ጥፍራቸውን ሳይቆርጡ ሲመጡ የምቆጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። የጋቢያቸውን ጫፍ ሳብ አድርጌ «አባ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ሰው ይስቅብናል» አልኳቸው በሹክሹክታ።

አልተቀመጡም። «ታላቅ ወንድሟም በሱ ነው ያበቀለ» አሉ ለነርሷ። «የልብ ደም ሥሩ ተዘግቶ ሞተብኝ። ያስነከስኩት እኔ ነኝ።»

ወንድሜን ከቀበርን ዓመት አልሞላንም ነበር። አባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመው ልጄን ገድዬው ይሆን ብለው ይጠይቃሉ፤ እኔ እንዳይሳቅብኝ እጨነቃለሁ። ጋቢያቸውን ለቀቅኩት፤ እጄን ግን የማስገባበት አጣሁ።

ነርሷ ቀስ ብላ መለሰችላቸው። «አባቴ፣ ሰው በዚህ ሞተ ብሎ የሚነግርዎ ሐኪም የለም። የልብ በሽታ ምክንያቱ ብዙ ነው። መሳለሙንም አልከለከልኩም፤ ሕፃኑን ብቻ አያስነክሱት።»

«እሺ ልጄ» አሉና ተቀመጡ።

መንገድ ላይ ልጄ አለቀሰ፤ እጁን ወደ ጋቢያቸው ዘረጋ። አባቴ ጣቱን ይዘው አጫወቱት እንጂ መስቀሉን አላወጡም። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፈት አደርግና መልሼ እዘጋለሁ።

ደጃፍ ላይ እንደ ወትሮዬ ልሳለም ጎንበስ አልኩ። መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳረፉት። ከንፈሬን ሳስጠጋ ግን ጋቢያቸው ውስጥ መልሰው ከተውታል። ፈርተውልኝ ይሁን ጋቢያቸውን መሳቤን ታዝበውኝ፣ አፍሬ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።