ክፍት የቀረው የአሸዋ ጉድጓድ

እርጥብ አሸዋ ሲሸተኝ ዛሬም ጉሮሮዬ ይደርቃል። የልጅ ልጆቼ «አሮጊቷ ጃጀች» ብለው ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ከአሶሳ ኮረብታዎች በታች ያለውን ያን ወንዝ እነሱ አላዩትም።

በጋ ነበር። ባሪያ ፈንጋዮች መንደራችንን አቃጥለው፣ አባቴን ደጃፋችን ላይ ገደሉት። እኔ፣ አክስቴና ባሏ በሸመል ጫካው ውስጥ አመለጥን። ወንዙ ደርቆ አንድ ኩሬ ብቻ ቀርቷል፤ እዚያም የተገደሉ ሰዎች ሆዳቸው ተነፍቶ ይንሳፈፉ ነበር። ዝንቡ አሁንም ይሰማኛል። ልጠጣ ስንበረከክ አክስቴ በጥፊ አለችኝ።

«ሞት ነው የምትጠጪው!»

እሳት አንድደን እንዳናፈላ ጭሱ ያስይዘናል። አክስቴ ከኩሬው በላይ ርቃ አሸዋውን በቅል ቆፈረች። መጀመሪያ የመጣውን ድፍርስ ቀድታ ደፋችው፤ ቀጥሎ የመጣውንም ደፋችው። እኔ በንዴት አለቀስሁ። ከዚያ ሲጠራ በሻሿ አጥልላ ሰጠችን። አሸዋ አሸዋ ይል ነበር፤ እንደዚያ የጣመኝ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የለም።

ባሏ ጉድጓዱን ሊደፍን ተነሳ። «ያገኙናል!»

«ከኋላችን የተጠማ ሰው አለ። ውሃ መድፈን ሐራም ነው» አለችው አክስቴ።

በእኛ አገር መንገደኛ የቆፈረውን ውሃ ለሚከተለው ክፍት ይተዋል። ባሏ አጉረመረመና ተወው።

ብዙም ሳይቆይ ፈንጋዮቹ ደረሱ። ሸመሉ ውስጥ ተኝተን አየናቸው። አንዱ ከበቅሎው ወርዶ ከጉድጓዱ ጠጣ፤ አፉን ጠረገና ዱካችንን በጣቱ አሳየ። ባሏ ጦሩን አንስቶ የአክስቴን እጅ ጨበጥ አደረገ፤ ዞሮ በሌላ በኩል እየጮኸ ወጣባቸው። የጠጣውን ሰው አንገቱን በጦር ወጋው። ጥይት የባሏን መንጋጋ ገመሰው፤ ከወደቀም በኋላ በሰይፍ ደጋገሙት። ደሙ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ሌላም ጦረኛ የተደበቀ መስሏቸው ጓደኛቸውን ጭነው ሸሹ።

አክስቴ አላለቀሰችም። ወደ ላይ ሄዳ ሌላ ጉድጓድ ቆፈረች፤ ድፍርሱን ደፋች፣ እስኪጠራ ጠበቀች። በጠራው ውሃ ባሏን አጠበችው፤ ቀበርነው። ያንንም ጉድጓድ አልደፈነችውም። በልቤ ጠላኋት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጅ ያዘለች ሴት እየተንገዳገደች መጣች። ልጇን አጠጣች፤ ራሷም ጠጣች።

«ይህን ውሃ የተወልን ማነው? አላህ ጀነት ያግባው» አለች።

አክስቴ ወደ አዲሱ መቃብር ዞረች።

«ባሌ ነው» አለች፤ ያን ጊዜ ጮኻ አለቀሰች።